የሞት መሳም ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ለአሮን ቺካኖቨር፣ ለአቭራም ሄርሽኮና ለኧርዊን ሮዝ ሲሰጥ የሸላሚዎቹ መግለጫ ግኝቱን «የሞት መሳም» አለው። ጋዜጠኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ርዕስ በነጻ አግኝቶ አይለቅም! ዩቢኩዊቲን የምትባል 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ሚጢጢ ፕሮቲን ሌላ ፕሮቲን ላይ ትጣበቃለች፤ ሕዋሱም የተጣበቀችበትን ማፍረሻው ውስጥ ከትቶ ይቆራርጠዋል። እኛም ስለ እሷ የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብን። በፕሮቲን ውስጥ አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ መስመር ይሰካካሉ። በ1977 ጎልድኖፍና ቡሽ ያገኙት ግን ቅርንጫፍ ነበር። ዲ ኤን ኤ ከሚጠቀለልባቸው ሂስቶኖች በአንዱ ጎን፣ ላይሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ በኩል፣ የሌላ ፕሮቲን ጅራት ተቀጥሏል። ባለጅራቷም ዩቢኩዊቲን ሆና ተገኘች። ልብ በሉ፣ ሂስቶኑ አልፈረሰም! ይህ ሁሉ የሆነው እነ ሄርሽኮ በሃይፋ የማፍረሱን ምስጢር ከመፍታታቸው በፊት ነው።

ከዚያ ዘመዶቿ ብቅ ብቅ አሉ። በ1996 የታየችው ሱሞ ራን ጋፕ የተባለ ፕሮቲን ላይ ስትጣበቅ ወደ ኒውክለሱ በር ትወስደዋለች እንጂ አታጠፋውም። ኔድ8 ደግሞ ኩሊንን ሥራ ታስጀምረዋለች፤ ሥራውም ዩቢኩዊቲንን በሌሎች ላይ መለጠፍ ነው። (ቤተሰብ አይደሉ!)

ዩቢኩዊቲን ራሷም እርስ በርሷ ስትቀጣጠል መልእክቷ እንደ መጋጠሚያው ይለያያል። በ48ኛው ላይሲኗ ሰንሰለት ከሠራች «አፍርሱት» ማለት ነው፤ በ63ኛው ከሆነ ግን ለምሳሌ ለተጎዳ ዲ ኤን ኤ ጥገና ይፈለጋል። ያው ፕሮቲን፣ ያው ጅራት… የተያዘችበት ቦታ ብቻ ተቀየረ። «የሞት መሳም» የሚለው ርዕሳችን የደበቀው ይሄንን ነው።

ለእኛ የባሰብን ኤ ቲ ጂ 8 ናት። በ2000 የጃፓኑ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ቡድን እርሾ ውስጥ ሲያጠናት የምትጣበቀው ከፕሮቲን ሳይሆን ከስብ ጋር ሆኖ አገኛት። ሕዋሱ ያረጀ ዕቃውን ጠቅልሎ የሚያስወግድበት ከረጢት ያለ እሷ አይሠራም። ኦሱሚ በዚሁ መስክ በ2016 ኖቤል ወሰደ። የመስኩ ስም አውቶፋጂ ነው፤ በግሪክ «ራስን መብላት» ማለት። ርዕስ አውጪዎቻችን ምን እንዳደረጉበት መገመት አያቅታችሁም።