የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ ብቅ ሲል «አንተማ የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንለዋለን። አባባሉ ወፏን ከአደይ አበባ ጋር መጥታ ከአደይ አበባ ጋር የምትሰወር የዓመት እንግዳ ያደርጋታል። ግን የት እንደምትከርም ጠይቀን እናውቃለን?

መልሱ የትም አትሄድም ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች በክረምት የሚራቡ ናቸው። ወንዱ በዝናቡ ወራት ጥቁር ከቀይ ወይም ከቢጫ ጋር ይለብሳል፤ ጭራው የሚረዝምም አለ። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥቅምት ላይ «ጠፋች» የምንላት ወፍ እዚያው ማሳ ውስጥ እህል እየለቀመች ነው። አባቶቻችን የምትደምቅበትን ወቅት በትክክል ይዘዋል። ቀሪውን ታሪክ ግን መዝግቦ ያቆየልን የለም።

የኢትዮጵያ ወፎች የተጻፈ ታሪክ በአብዛኛው የእንግዶች ታሪክ ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ በዘመነ መሳፍንት ሁከት መካከል እስከ ስሜንና ጎንደር ዘለቀ። በየማለዳው ጣሪያችን ላይ የምትንጫጫውን ጋጋኖ እ.ኤ.አ. በ1837፣ በአገራችን ደጋ ብቻ የምትገኘውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ደግሞ በ1845 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከዚህ የሰበሰባቸው እንስሳትም የፍራንክፈርቱን የሴንከንበርግ ሙዚየም አበለጸጉ።

መዝገብ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የጣሊያናዊው ልዑል ኢዩጄኒዮ ሩስፖሊ ታሪክ ያሳያል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል ከዚያ በፊት ያልታወቀች ውብ ወፍ ተገኘች፤ የት እንደተያዘች የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አልነበራትም። ስሙን ይዛ ተሰየመች፣ መኖሪያዋ ግን ለአሥርት ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። ቦታና ቀን ያልተጻፈለት ግኝት ግማሽ ግኝት ነው።

በሌላ በኩል ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው ምን እንደሚያተርፍ የቀይ ባሕር ዳርቻ ይመሰክራል። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ የሚሸሹት ንስሮችና ጭልፊቶች ሰፊ ባሕር መሻገር ስለሚከብዳቸው ጠባቡን ባብ ኤል መንደብ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው እንግሊዛውያን ወፍ ተመልካቾች በጅቡቲ ዳርቻ ተቀምጠው ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ከየመን ሲሻገሩ ቆጠሩ። ያ መንገድ የዓለም ታላቅ የወፍ መተላለፊያ መሆኑ በቁጥር የታወቀው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። ከተሻገሩት ብዙዎቹ ጉዟቸውን የሚቀጥሉት በእኛ ሰማይ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ዛሬ ባሕር አያስፈልገንም። ከኮልፌ ቀራኒዮ ተነስቶ በቡራዩ በኩል የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ገፈርሳ ይደርሳል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው ይህ ግድብ ለውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች የታወቀ መቆሚያ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሩፔል ዝይና ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎች አንድ ውኃ ይጋራሉ። እኛ ግን በመኪና እናልፈዋለን። በዙሪያው የነበረው ሜዳ በየዓመቱ ወደ ቤትና መጋዘን እየተለወጠ ነው። የዛሬ 20 ዓመት ስንት ዝይ እንደነበረ የሰፈሩን ሰው ብትጠይቁ «ብዙ ነበር» ይላችኋል። «ብዙ ነበር» ደግሞ የመሬት ዕቅድ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ክብደት የለውም።

የተጻፈ መረጃ ግን ክብደት አለው። ከዚያው መንገድ ሳንርቅ፣ ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው በኩል የበርጋ ረግረግ ይገኛል። እዚያ በሣር ውስጥ ተሸሽጋ የምትራባ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ ወፍ አለች፤ በእንግሊዝኛ ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል ይሏታል። በቋሚነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች ከ250 በታች እንደሚሆኑ ይገመታል። በበርጋ እንደምትራባ እ.ኤ.አ. በ1997 ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሰው ጋር መሥራት ጀመረ፤ የበርጋ ወፍ ወዳጆች ቡድን ተቋቋመ፤ በደቡብ አፍሪካውያን አጋሮች ድጋፍ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተሠራ። ለገበሬው የቀረበው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ከብቱን ከረግረጉ ይመልስ፣ ሣሩንም ሳያጭድ ይቆይ የሚል ነው። በክረምት መኖ ለሚያጥረው ሰው ይህ ከባድ መሥዋዕትነት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ችሮታ አይደለም፤ ገበሬው ለከፈለው ዋጋ የተሰጠ ምላሽ ነው።

«ሰው በኑሮ ውድነት ሲንገበገብ ወፍ ቆጠራ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ዝይዋ የምትቆምበት ረግረግ እኛ የምንጠጣው ውኃ የሚጣራበት ነው። ወፏ ስትቀንስ ስለ ውኃው ቀድማ እየነገረችን ነው፤ ለመስማት ግን ስንት እንደነበረች ማወቅ አለብን።

ለዚህ ዲግሪም ውድ መነጽርም አያስፈልግም። በሚመጣው መስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዛችሁ ገፈርሳ ውረዱ። ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን ወፍ ብዛት ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ጻፉ። በዓመቱ በዚያው ቀን ተመለሱና እንደገና ቁጠሩ።