ራጅ፣ ጨረር፣ ምላሽ፦ የጉበት ዕጢ ሕክምና ቃላት ታሪክ

ዊልሄልም ሮንትገን ምንነቱ ስላልታወቀው «ኤክስ» ብሎ የሰየመውን ጨረር ያገኘውና የዐድዋ ጦርነት የተደረገው በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ማለትም በ1888 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የኢጣልያ ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚሁ ጨረር ተመርምረዋል።

መሣሪያው ወደ አገራችን ሲገባ የያዘው ስም «ራጅ» ነው። መነሻው «ጨረሮች» ማለት የሆነው የኢጣልያንኛ ቃል «ራጂ» ይመስላል። ሕዝቡ ግን ትርጉሙን የወሰደው ከምንጩ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ነው። «ፎቶግራፍ መነሣት» እንደሚል ሁሉ «ራጅ መነሣት» አለ። በዚህም ራጅ የጨረር ስም መሆኑ ቀርቶ የምስል ስም ሆነ። «ጨረር» የተባለው የአገር ቃል ደግሞ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ በሕሙማን ዘንድ የሚያክመው ኃይል መጠሪያ ሆኖ ጸንቷል። በጉለሌ ያነጋገርናቸው አንዲት እናት «ራጅስ ተነሥቻለሁ፤ ደግሞ የምን ጨረር ነው?» ማለታቸው ይህን ክፍፍል በሚገባ ያሳያል። በመሠረቱ አንድ የሆኑት ሁለት ቃላት በሥራ ተለያይተዋል፤ ክፍፍሉም ጠቃሚ ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል።

ዛሬ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ግን ሁለቱ ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ነው። ሐኪሞች የጉበት ዕጢ ለጨረር እንዴት እንደሚሆን አስቀድመው ከምስል ለማወቅ ይጥራሉ። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት ወገን፣ ከደም ቅዳና ከአንጀት ከሚመጣው ደም መልስ ሲሆን፣ ከራሱ ከጉበት የሚነሣው ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ስለሆነም በደም ሥር ቀለም ሰጥቶ ምስል ማንሣት የዕጢውን ሕያው ክፍል ለይቶ ያሳያል።

የአለካኩ ታሪክም ለቃላት ጥናት ትምህርት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ የዕጢው ሁለት አግድሞች ብዜት በ50 በመቶ ሲቀንስ «ከፊል ምላሽ» ይባል ነበር። በ2000 የወጣው መለኪያ በረጅሙ አግድም ብቻ የ30 በመቶ መቀነስን ወሰነ። ይሁን እንጂ በጨረር የተመታ የጉበት ዕጢ ቢሞትም ለወራት ላይኮማተር ይችላል። በመሆኑም በ2010 ለጉበት የወጣው የተሻሻለ መለኪያ ቀለሙን የሚቀበለውን ሕያው ክፍል ብቻ እንዲለካ አደረገ። በማግኔት ምስል የውሃን እንቅስቃሴ መለካትም ዕጢው ሳይኮማተር የሕዋሳቱን መሞት ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ «ምላሽ» ማለት «መቀነስ» ማለት አይደለም።

«መዳን» ማለትም አይደለም። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ዕጢው ምላሽ ሰጠ» የሚለው ሐረግ አጸፋ መምታት እንዳይመስል በመሥጋት «ሕሙሙ ዳነ» ይላሉ። ሥጋቱ አግባብ ቢሆንም መፍትሔው ከሕመሙ የከፋ ነው፤ ከፊል ምላሽ ያገኘ ሰው አልዳነምና። «ዕጢው ለጨረሩ ያሳየው ምላሽ» ተብሎ ቢሟላ፣ ደረጃዎቹም ሙሉ ምላሽ፣ ከፊል ምላሽ፣ ባለበት መርጋትና መባባስ ቢባሉ አሻሚነቱ ይወገዳል።

አስቀድሞ ማወቁን በተመለከተ «ትንቢት» እና «ትንበያ» ቀርበዋል። ሁለቱም ከ«ተነበየ» የወጡ ናቸው። ትንቢት ግን የነቢይ ቃል ነውና ይፈጸማል ተብሎ ይጠበቃል። ትንበያን የአየር ጠባይ አገልግሎት ለስሌት አውሎታል፤ ዝናብ ይዘንባል ተብሎ ሳይዘንብ እንደሚቀር ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ከምስል የሚገኘውም ግምት እንዲሁ ሊስት የሚችል ነው። ሕሙሙ ለሕክምናው ፈቃዱን የሚሰጠው በዚህ ቃል ተመርቶ ስለሆነ ልዩነቱ የሥነ ቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ራጅን ለምስሉ፣ ጨረርን ለሕክምናው፣ ምላሽን ለለውጡ፣ ትንበያን ለግምቱ መመደብ ይበጃል እንላለን። ከአራቱ አንዱንም አዲስ አልፈጠርንም፤ ሁሉንም ያገኘናቸው ከሕዝቡ አፍ ነው።