መምህር ሌላ፣ ምስክር ሌላ

በቤጌምድር፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ በጋይንት አገር፣ ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር አለች። ከጎጃምም ከሸዋም ከላስታም ከትግሬም እየተነሣ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ወደዚች ደብር የገሠገሠው የድጓ ተማሪ ብዛቱ ይህን ያህል ነው ተብሎ አይቈጠርም። ከእነዚህ መንገደኞች ብዙዎቹ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚመጡት ድጓን ለመማር አልነበረም፤ ድጓውንማ በየአገራቸው፣ ከየመሪጌታቸው እግር ሥር ተቀምጠው፣ ውኃ እየቀዱ እንጨት እየለቀሙ ተምረውት ነበር። ወደ ቤተ ልሔም የሚመጡት ሊያስመሰክሩ ነው።

«ማስመስከር» የሚለው ቃል ዛሬ በተራው ንግግር ችሎታን ከማሳየት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ግብ ያገባ እግር ኳስ ተጫዋች ሁሉ «ብቃቱን አስመሰከረ» ይባላል። በአበው ዘንድ ግን ቃሉ ሥፍራ ያለው፣ ዳኛ ያለው፣ ወሰን ያለው ሥርዓት ስም ነበር። ድጓ በቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ ቅዳሴ በሰላልኩላና በደብረ ዓባይ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ እየተባለ ለየትምህርቱ የምስክር ቤቱ ተለይቶ ይታወቃል። ተማሪው ትምህርቱን የቀሰመው ከየትም ይሁን ከየት፣ በሙያው መምህር ተሰኝቶ የራሱን ጉባኤ ለመዘርጋት ቢሻ፣ ወደ ምስክር ቤቱ ሄዶ በማያውቁት ሰዎች ፊት መቆም ይጠበቅበታል።

በዚያም የሚደረገው ነገር የአንድ ቀን ፈተና አይደለም። ተማሪው የሚቀርበው ከመጽሐፉ ጋር ነው፤ መጽሐፉም፣ እንደ ቀድሞው ልማድ፣ ብራና ዳምጦ ቀለም በጥብጦ በገዛ እጁ የጻፈው ድጓ ነው። ከንባቡ በላይ በረቂቅ ብዕር የተቀመጡት ምልክቶች፣ ይዘቱና ደረቱ፣ ድፋቱና ቅናቱ፣ ርክርኩና ጭረቱ፣ አንድ በአንድ እየታዩ ይታረማሉ። ዜማውም ከመስከረም ዮሐንስ ተነሥቶ ዓመቱን ተከትሎ እየተዜመ በቤቱ ይትበሃል ይቃናል፤ በአጫብር ወይም በቆማ ስልት ያደገ ተማሪ ቢሆን የለመደ ጉሮሮውን እንደገና ማስለመድ ግድ ይሆንበታል። አንዲት ቅናት ያለ ቦታዋ ብትገባ የሚሰማ ጆሮ እዚያ አለ። ይህ ሁሉ እንደ ተማሪው ችሎታ ወራትም ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ የጨረሰም ሰው «የቤተ ልሔም ምስክር» ተብሎ ይወጣል።

ምስክሩ ለምን ከሌላው ደብር ሁሉ ለቤተ ልሔም ተሰጠ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የአበው ትውፊት መልስ አለው፤ በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና መጻሕፍት ሲጠፉ የቅዱስ ያሬድ ድጓ ተርፎ የተገኘው በዚያ ነው ይባላል። ትውፊቱን በታሪክ ሚዛን ማስቀመጥ የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ሆነው የዜማውን ምልክት ያበጁት ከዚያው ጥፋት ማግሥት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) መሆኑ ይነገራል፤ መምህራን ባለቁበትና መጻሕፍት በተበተኑበት ዘመን ነውና ሰው «ትክክለኛው የቱ ነው? የሚያውቀውስ ማን ነው?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው።

የምስክሩ ዋጋ በይበልጥ የሚታወቀው ከምስክር ቤቱ ርቆ ነው። በአንድ ሩቅ ቈላ ያለ የደብር አለቃ መሪጌታ ሊቀጥር ቢፈልግና አንድ መንገደኛ መጥቶ «ድጓ አውቃለሁ» ቢለው፣ አለቃው ራሱ የድጓ ሊቅ ካልሆነ እውነቱን በምን ይለያል? ድምፁ ያማረ ሁሉ ዜማ አዋቂ አይደለም፤ እንዲያውም ያማረ ድምፅ ብዙ ስሕተት ይሸፍናል። «የቤተ ልሔም ምስክር ነው» የምትል አንዲት ቃል ግን የአለቃውን ድንቁርና ትሞላለታለች። ይህችን ቃል የተማሪው የገዛ መምህር ቢናገራት ኖሮ ያን ያህል አትከብድም ነበር። መምህሩ ለተማሪው አባት ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለገለውን ደቀ መዝሙር «አልበቃህም» ብሎ ባዶ እጁን ለመስደድ ፍቅርም ይሉኝታም ይይዘዋል፤ ደግሞም የተማሪው ጉድለት የራሱ የማስተማር ጉድለት ሆኖ ይቈጠርበታል። በግዕዝ ሰማዕት የሚለው ቃል ስለ እውነት የሞተውንም በሸንጎ የሚመሰክረውንም አንድ አድርጎ መያዙ ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ምስክርነት ከዘመድም ከወዳጅም ለይቶ ለብቻ የሚያቆም ነገር ነው።

ይህን ያህል የረቀቀ ሥርዓት ለቃል ትምህርት ያበጀ ሕዝብ ለእጅ ሙያተኛው ግን ምንም አላበጀለትም። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቀጥቃጭ፣ ሲብስም ቡዳ እያለ ኖረ። ከዚያው ከቤጌምድር ሳንወጣ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀልጡ፣ የአገሩን ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ ያደርጉ ነበር። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም ነገር በዚያው ተፈታ። በጋይንት ዜማን ከጥፋት ያተረፈው ዓይነት ቤት፣ ማለት የሚያርምና የሚመሰክር ጉባኤ፣ ጥቂት መንገድ ርቃ ለምትገኘው ለጋፋት እሳት አልተሠራላትም። ዐፄ ምኒልክ ሙያተኛን በሥራው ስም የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ማን የትኛውን ሙያ ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚለይበት መንገድ ገና አልነበረም።

ሌሎች አገሮችም ቢሆኑ ይህን የተማሩት በዋዛ አይደለም። በባሕር ንግድ ዓለምን በዞረችው በእንግሊዝ እንኳ፣ ባለንብረቱ ወዶ ከሾመው የነጋዴ መርከብ አዛዥ የሚሆን ሰው ኮከብ ቈጥሮ መንገድ ማወቁን የሚጠይቀው ሕግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1836 የፓርላማ አጣሪ ጉባኤ የመርከብ መሰበርን መንስኤ ሲመረምር የአዛዦችን አለማወቅና ስካር ከምክንያቶቹ ተርታ አስቀመጠው፤ በ1843 ደግሞ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየወደቡ ላሉት ቆንስሎች የእንግሊዝ አዛዦች ጠባይና እውቀት ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ደብዳቤ ተላከ፤ የመጣውም መልስ የሚያኰራ አልሆነም። በ1850 የወጣው ሕግ ወደ ውጭ አገር በሚጓዙ መርከቦች ላይ ያለ ምስክር ወረቀት አዛዥና ምክትል መሆንን ከለከለ።

እኔን በዚህ ሕግ የሚገርመኝ የወረቀቱ ሁለትነት ነው። ሕጉ ሲወጣ በባሕር ላይ የቈዩትን ሰዎች በአንድ ሌሊት ከሥራቸው ማስወጣት ስለማይቻል፣ ለእነርሱ ያለ ፈተና «የአገልግሎት» ምስክር ተሰጣቸው፤ አዲሶቹ ግን ተፈትነው «የብቃት» ምስክር ይዘው ይወጡ ነበር። አንዱ ወረቀት «ይህ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሠርቷል» ሲል ሌላው «ይህ ሰው ይችላል» ይላል። በየመሥሪያ ቤታችን «ይህን ያህል ዓመት አገልግያለሁና» እያልን እድገት የምንጠይቅ ሰዎች የያዝነው የትኛውን እንደ ሆነ ራሳችንን ጠይቀን የምናውቅ አይመስለኝም።

ምስክርነት ሲበዛ አጥር እንደሚሆንም መካድ አይገባም። በጀርመን አገር የእጅ ሙያ ጌታ፣ በእነርሱ አጠራር ማይስተር፣ ለመባል ለብቻው በተሰየመ የፈተና ጉባኤ ፊት መቅረብ ከጥንት የሙያ ማኅበራት የተወረሰ ልማድ ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣው የእጅ ሙያ ሕግም ይህን ማዕረግ ያልያዘ ሰው በብዙ ሙያዎች የራሱን ቤት እንዳይከፍት አደረገ። በውጭ የቀረው «ይህ ሙያን መጠበቅ ሳይሆን ገበያን መጠበቅ ነው» ብሎ አጕረመረመ፤ ቅሬታውም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ስለዚህ በ2004 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሎ ከ94ቱ ሙያዎች 53ቱ ነጻ ተለቀቁ፤ ግዴታው የቀረባቸው 41 ብቻ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ የሴራሚክ አንጣፊ ቤት እንደ አሸን ፈላ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ለብቻው የሚሠራበት፣ ተለማማጅ ወጣት የማያሳድግ ቤት ሆነ ተብሎ ተነቀፈ። በ2020 እ.ኤ.አ. 12 ሙያዎች ወደ ግዴታው ተመለሱ፤ ከእነርሱም መካከል ሴራሚክ አንጣፊውና፣ የዜማን ነገር ስናወሳ ደስ የሚያሰኘው፣ ኦርጋን ሠሪው ይገኙበታል። ልብስ ሰፊውና ፎቶግራፍ አንሺው ግን ነጻ እንደ ሆኑ ቀሩ። ያለ ማዕረጉ ቤታቸውን የከፈቱትንም ሕጉ አላስዘጋቸውም።

በእኛ አገር ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተከትለዋል። በእነዚህ ቤቶች ብዙ የተከበረ ሙያተኛ መውጣቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ለብዙ ዘመን የመሰከረው ያው ያስተማረው ነበር፤ ዲፕሎማውን የሚጽፈው ብዕር ከጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ ጋር በአንድ እጅ ውስጥ ቈየ። ሁለቱን የለየው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠልጣኙ ከኮሌጁ ውጭ በሆነ የምዘና ማዕከል፣ ከኢንዱስትሪውም በሚመጡ መዛኞች ፊት፣ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ባለው መሰላል ላይ እንዲመዘን ተደረገ። ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለው ይህንኑ ነው። የሥርዓቱ አዘጋጆች ጋይንትን አስበው እንደ ሆነ እንጃ፤ የሠሩት ግን የቤተ ልሔምን ቤት ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወድደው፣ ኮሌጅ ደጅ ያልረገጠ ሰውም እንዲመዘን በሩን መክፈቱን ነው። በጋራዥ በረዳትነት ጀምሮ፣ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም እጁ ግራሶ ጠግቦ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የሞተሩን በሽታ የሚያውቅ መካኒክ፣ «የት ተማርክ?» ሲባል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም፤ የሚጠየቀው ምን እንደሚችል ነው። ነገር ግን አንዳንድ ቀጣሪ ዛሬም ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «እሺ፣ አሁን ግባና አሳየን» ይላል፤ ይህም የሚሆነው በምዘናው የቀረበው መኪናና በጋራዡ ያለው መኪና ሳይመሳሰል ሲቀር፣ ወይም መዛኙ ይሉኝታ ይዞታል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ያ የቈላው አለቃ ካላመነው የቤተ ልሔም ምስክርነትም ነፋስ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ነገሩን እስከ ማድ ቤት አደረሰው፤ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በዚያን ጊዜ ይጠየቅ ከነበረው 8ኛ ክፍልን ከማጠናቀቅ ሌላ በሚሠማራበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ አዘዘ። በአማርኛ «ባለሙያ» የሚለው ማዕረግ ከመሐንዲሱና ከሐኪሙ በፊት ወጧ የጣፈጠ፣ ቤቷ የጸዳ ሴት ማዕረግ እንደ ነበር እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ምስክሯም ጎረቤቷና አማቷ ነበሩ። የጎረቤት ምስክርነት ግን ቀይ ባሕርን አይሻገርም። እናም ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ የምታስብ ልጅ ያላስተማራት መዛኝ ቆሞ እያያት ካውያውን ታግላለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች፣ ምድጃውን ትለኵሳለች።

በምዘናው መጨረሻ ከመቶ ይህን ያህል አገኘሽ የሚባል ነጥብ የለም፤ ያለው «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የተባለው ሰው አልተጣለም፤ ጐደለ የተባለውን ተለማምዶ ዳግመኛ ይመጣል። በቤተ ልሔም መምህር ፊት አንዲት ቅናት የጠፋችበት የድጓ ተማሪም ደበሎውን አጣጥፎ ወደ ጎጆው ይመለስና፣ በማግሥቱ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ ከዮሐንስ ይጀምራል።