ማፍላት፣ ክሎሪን፣ ፀሐይ ወይስ ማጣሪያ? እነዋሪ ላለ ቤት የትኛው ይሻላል?

ቧንቧ ሲጠፋ ጄሪካን ይዞ ምንጭ ወይም ጉድጓድ መሄድ ለብዙ የሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ኩልል ያለ ውሃም አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም የታይፎይድ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከውሃው ማስወገድ የምፈልገው ምንድን ነው? ተህዋስ፣ ጭቃ ወይስ ጨው?

1. ማፍላት

ተህዋስን በመግደል የሚተካከለው የለም። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ አሜባና ጃርዲያ ሁሉም ይሞታሉ። ግን እነዋሪ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይሄም ቢሆን ተህዋስ ለመግደል በቂ ነው፤ ጊዜው ብቻ ይጨመርበት። ቆላ ላይ 1 ደቂቃ የሚበቃው፣ ከ2000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ ይሁን። መቁጠር የሚጀመረው ሲንጨረጨር ሳይሆን በደንብ ሲንተከተክ ነው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ አለቀ።

ጉዳቱ? ማገዶና ኩበት ይበላል። ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የቆሸሸ ጣሳ ከገባበት ልፋቱ ገደል ገባ።

2. ክሎሪን (ውሃ አጋርና መሰሎቹ)

ርካሽ ነው፣ ጄሪካን ሙሉ ውሃ በአንዴ ያክማል፣ ውሃው ውስጥ ስለሚቆይም መልሶ እንዳይበከል ይከላከላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሩ፣ ነቅንቁ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨምሮ ወዲያው ይጠጣል። ክሎሪን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ አሜባና ጃርዲያ ላይ ከማፍላት ይደክማል። ሁለተኛ፣ የልብስ በረኪና በግምት አትጨምሩ፤ ጥንካሬው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ሽቶ ያለውማ ጭራሽ አይሆንም።

3. ውሃው ከደፈረሰ

ክረምት ላይ የጅሩ ጥቁር ዋልካ አፈር ከጎርፍ ጋር ሲገባበት፣ ክሎሪን ብቻውን አይበቃም፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። ውሃውን አሳድሩት፣ ከላይ ቀድታችሁ በንጹህ ነጠላ እጥፍ አጥልሉት፣ ከዚያ አክሙት። እንደ ቢሻን ጋሪ ያለው ዱቄት ደግሞ ጭቃውን ወደ ታች አዝቅጦ ተህዋሱንም ይገድላል።

4. ፀሐይ

ብር አይጠይቅም። እስከ 2 ሊትር የሚይዝ፣ ቀለም የሌለውና ያልተጫጫረ የላስቲክ ጠርሙስ ሙሉና ፀሐይ ላይ አጋድሙት። ሰማዩ ጥርት ካለ 6 ሰዓት፣ ደመና ከበዛ 2 ቀን። ለበጋ አሪፍ ነው፤ ለሐምሌና ነሐሴ ግን አትመኩበት። ቢጫ ጄሪካን ለዚህ አይሆንም፣ ብርሃን በደንብ አያሳልፍም።

5. የሸክላ ማጣሪያ

ጭቃን፣ አብዛኛውን ባክቴሪያና አሜባን ይይዛል። ቫይረስ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ጥቅም የለውም፤ ካልታጠበም ይዘጋል።

ጨውስ?

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከውሃው የወጣ ማዕድን ነው። ከላይ ካየናቸው ዘዴዎች ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውን የሚያወጣ የለም፤ ማፍላት እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረውን ያወፍረዋል። ስለዚህ ውሃ ለሚጨመርበት የሶላር ወይም የመኪና ባትሪ የተፈላ ውሃ እንዳትጨምሩ። ለእሱ የሚሆነው ተኖ እንደገና የተጠራቀመ፣ የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ስትገዙ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ክፍል ውስጥ እርጥበት ለሚረጭ ማሽንም ያው ዓይነት ጨው የሌለው ውሃ ነው የሚመረጠው፤ አለበለዚያ ነጭ ብናኝ ዕቃው ላይ ይለብሳል።

በአጭሩ

ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ካለ፦ አፍሉ። ብዙ ሰው ያለበት ቤት ከሆነና ውሃው ጥርት ካለ፦ ክሎሪን። ከደፈረሰ፦ መጀመሪያ አጥሉ። በጋና ማገዶ ከሌለ፦ ፀሐይ። የታከመውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ አንቆርቁራችሁ ቅዱ እንጂ ጣሳ አትንከሩ።

ተቅማጥ ትንሽ ልጅን በሰዓታት ውስጥ ሊያደክም ይችላል። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካልጠጣ ወይም ሽንቱ ከጠፋ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስልክ ለሌላቸው እናቶች ደግሞ ይቺን አንብቡላቸው።