ሚዛን (ኮከብ)

ሚዛን ከ12ቱ የዞዲያክ ምልክቶች ሰባተኛው ነው። በኢትዮጵያ በተለይ የሚታወቀው ዐውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ አማካይነት ነው። በመጽሐፉ ምድብ የሚዛን ባሕርይ ነፋስ ሲሆን፣ ገውዝና ደለዊም ከእሱ ጋር በነፋስ ወገን ይቆጠራሉ።

ስያሜ

ሚዛን የሚለው ቃል በዐረብኛም በዚሁ ትርጉም ይገኛል፤ የግዕዙ ቃል መዳልው ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት የተባሉት የቀሩት ምልክቶችም ስማቸው ከዐረብኛ የመጣ ነው። ምልክቱን በሚዛን መመሰል ከባቢሎናውያን ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ የጥንት ግሪኮች ግን እነዚህን ከዋክብት የጊንጥ መቆንጠጫ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። የሁለቱ ደማቅ ኮከቦች የዐረብኛ ስም ዛሬም «ደቡባዊ መቆንጠጫ» እና «ሰሜናዊ መቆንጠጫ» ማለት ነው።

አቆጣጠር

ሚዛን የሚባለው ሰው በሁለት መንገድ ይታወቃል፤ ሁለቱ መንገዶች ግን አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም።

በዐውደ ነገሥት የልደት ቀን አይጠየቅም። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተክተው ይደመራሉ፤ ድምሩም በ12 ይገደፋል። 1 ከቀረ ሐመል፣ 2 ከቀረ ሠውር እያለ ይሄዳል፤ 7 ከቀረ ሚዛን ነው። ለምሳሌ የሁለቱ ስሞች ድምር 43 ቢሆን፣ ሦስት ጊዜ 12 (36) ወጥቶለት 7 ይቀራል፤ ስለዚህ ኮከቡ ሚዛን ይባላል። ተመሳሳይ አሠራር በአቡ ማሽር ስም በሚታወቀው የዐረብኛ የቆጠራ መጽሐፍም ይገኛል።

ጋዜጦችና መጽሔቶች የሚያወጡት ኮከብ ግን የልደት ቀንን ይከተላል። በዚህ መሠረት ሚዛን የሚባለው ከመስከረም 13 እስከ ጥቅምት 12 ገደማ የተወለደ ነው። ፀሐይ ወደ ምልክቱ ስትገባ ቀንና ሌሊት እኩል ስለሚሆኑ ምስሉ ከወቅቱ ጋር ይስማማል። ስለዚህ አንድ ሰው በልደቱ ሚዛን፣ በስሙ ደግሞ ሌላ ኮከብ ሊሆን ይችላል።

የፊደል ጥያቄ

የስም ቆጠራ በአጻጻፍ ላይ የቆመ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ወይም አ እና ዐ የየራሳቸው ቁጥር ባላቸው ሰንጠረዥ አንድ ፊደል ሲለወጥ ኮከቡም ይለወጣል። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ በአነጋገር አንድ ሲሆኑ በቆጠራ ግን ሦስት ስሞች ናቸው። ችግሩ ሀዲያ ወይም ሐዲያ፣ ሆሳዕና ወይም ሆሳእና ተብሎ በሚጻፍበት አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ስለሆኑ፣ በእነሱ የወጣ ስም በግዕዝ ፊደል ሲሰፍር አጻጻፉ እንደ ጸሐፊው ሊለያይ ይችላል። የክርስትና ስምና የመጠሪያ ስም ያለው ሰው ደግሞ በየትኛው እንደሚቆጠር አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ትርጓሜ

ዐውደ ነገሥት ለእያንዳንዱ ኮከብ ጠባይን፣ ሀብትን፣ ትዳርንና ሕመምን የሚመለከት ንባብ አለው። በልደት ቀን የሚቆጠረው ኮከብ አንባቢዎች ሚዛንን ከፍትሕ፣ ከስምምነትና ከውበት ጋር ያያይዙታል፤ ገዢዋ ፕላኔት ዝሁራ (ቬነስ) ናት። ሁለቱንም ወገን መመዘን እንደ በጎ ጠባይ ሲታይ፣ ቶሎ አለመወሰን እንደ ድክመት ይጠቀሳል።

በታሮት ካርታዎች ከሚዛን ጋር የሚዛመደው «ፍትሕ» የተባለው ካርታ ነው። በእ.ኤ.አ. 1909 በለንደን በታተመው የዌይትና የስሚዝ ካርታ ቁጥሩ 11 ሲሆን፣ በቀደመው የማርሴይ ካርታ 8 ነበር። ሥዕሉ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ሚዛን የያዘ ዳኛ ያሳያል። ቀጥ ብሎ ሲወጣ የሥራን ዋጋ ማግኘትና ትክክለኛ ፍርድ፣ ተገልብጦ ሲወጣ አድልዎ ተብሎ ይነበባል። ታሮት የሚወጣው በዕጣ ሲሆን የዐውደ ነገሥት ኮከብ ግን በስሌት ስለሚገኝ፣ ስሙና አጻጻፉ እስካልተለወጠ ድረስ ውጤቱ አንድ ነው።

በትዳር ላይ ያለው ተጽዕኖ

ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከጋብቻ በፊት ነው። የእጮኛሞቹ ኮከቦች እንደ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውሃ ይነጻጸራሉ፤ «ኮከባቸው አይገጥምም» የሚለው አነጋገርም ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ጋብቻ ሲቀር ውሳኔው የተመሠረተው በሁለቱ ሰዎች ጠባይ ላይ ሳይሆን በእናቶቻቸውና በራሳቸው ስም አጻጻፍ ላይ ነው።

ተቃውሞ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ትከለክላለች፤ መምህራን ዘዳግም 18፥10–12ን ይጠቅሳሉ። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ግን በመግደፍ ስሌት ቢጠቀምም የዕጣ ፈንታ ንባብ አይደለም። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትና የእስልምና መምህራንም ኮከብ ማስቆጠርን ይቃወማሉ። ከሥነ ፈለክ አንጻር ደግሞ በምድር ዛቢያ ቀስተኛ መዞር ምክንያት ፀሐይ ዛሬ በሚዛን ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የምታልፈው ከጥቅምት 21 እስከ ኅዳር 13 ገደማ ነው፤ ይህም በጋዜጦች ከሚሰጠው ጊዜ ጋር አይገጥምም።