የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አስተዳደር

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር (በአጭሩ ኢመማ) በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1949) በአዲስ አበባ የተመሠረተ፣ በአገሪቱ ካሉት አንጋፋ የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር የሚመደቡት ከመምህራን መካከል ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት አመራር የማኅበር ጥያቄም በአብዛኛው የሚነሳው በዚሁ ማኅበር ውስጥ ነው። ይህ መጣጥፍ የማኅበሩን የውስጥ አስተዳደር፣ ሕጋዊ መሠረቱን፣ ስለ ስሙና ንብረቱ የተካሄደውን ክርክር እንዲሁም በሀዋሳና በአካባቢዋ ያለውን ሁኔታ ይመለከታል።

አወቃቀር

ማኅበሩ ከታች ወደ ላይ በእርከን የተዋቀረ ነው።

• መሠረታዊ ማኅበር፦ በትምህርት ቤት ደረጃ የሚቋቋም ሲሆን አባላቱ በአንድ ቅጥር ግቢ የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው።
• የወረዳ ወይም የከተማ ማኅበር፦ መሠረታዊ ማኅበራትን ያሰባስባል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንን ደመወዝ የሚከፍለው በአብዛኛው ወረዳው ስለሆነ፣ የዕለት ተዕለት ክርክር የሚበዛው በዚህ እርከን ነው።
• የዞን ማኅበር፦ ወረዳዎችን ከክልሉ ያገናኛል።
• የክልል ማኅበር፦ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ጋር ይነጋገራል።
• አገር አቀፍ ማኅበር፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከፌዴራል መንግሥት ጋር በሚደረጉ ጉዳዮች መምህራንን ይወክላል።

የበላይ ሥልጣን ያለው አካል ከየእርከኑ ተወክለው የሚመጡ አባላት የሚሰበሰቡበት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። መተዳደሪያ ደንቡን የሚያጸድቀውና የሚያሻሽለው፣ መሪዎችን የሚመርጠውም እሱ ነው። ሥራ አስፈጻሚው የጉባኤውን ውሳኔ በሥራ ላይ ያውላል፤ ፕሬዚዳንቱም ማኅበሩን ወክሎ ይናገራል። የገቢው ዋና ምንጭ ከመምህራን ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጥ መዋጮ ነው።

የመዋጮው አሰባሰብ ለማኅበሩ ጥንካሬም ድክመትም ነው። ቆራጩ አሠሪው ስለሆነ፣ ሰብሳቢ ሳይቀጥርና ቤት ለቤት ሳይዞር ገንዘቡ በወቅቱ ይገባለታል። በሌላ በኩል ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ከመድረሱ በፊት በመንግሥት እጅ ያልፋል። ይህ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ በ1980ዎቹ አጋማሽ በተነሳው ክፍፍል ታይቷል።

ሕጋዊ መሠረት

የ1987ቱ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ የሠራተኞችን መብት ሲዘረዝር የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጨምራል፤ ነገር ግን የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን ብቻ ነው። እነማን በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ በሕግ እንደሚወሰንም ያስቀምጣል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት አመራሮች መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር ወሳኝ ጥያቄ ነው።

የሠራተኛ ማኅበር መመሥረትንና የኅብረት ስምምነት መደራደርን የሚፈቅደው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሠራተኞችን አይመለከትም። በመሆኑም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ኢመማን በመሰለ የሙያ ማኅበር መደራጀት ይችላል እንጂ በዚህ አዋጅ መሠረት ሠራተኛ ማኅበር አቋቁሞ የኅብረት ስምምነት ሊፈርም አይችልም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በአዋጁ ይሸፈናል። የግል ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው «የሥራ መሪ» ከሆነ፣ እሱም ከአዋጁ ውጪ ይሆናል።

የሙያ ማኅበራትን የሚመለከተው ሕግ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በዚህ አዋጅ ማኅበር ማለት አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት የሚመሠርቱት፣ ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ውሳኔ ሰጪ የሆነበት ድርጅት ነው። አዋጁ የተተካው በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲሆን፣ የቀድሞው ሕግ በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር።

ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት (አይ.ኤል.ኦ.) ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98ን በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) አጽድቃለች።

ታሪክ

ከምሥረታ እስከ ደርግ

ማኅበሩ በአገሪቱ ፖለቲካ ጎልቶ የወጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። መምህራኑ የደመወዝ ጭማሪ እንዲደረግላቸውና «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ እንዲቆም በመጠየቅ የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። ዕቅዱ የድሃ ልጆችን በዝቅተኛ ደረጃ ትምህርት ያስቀራል የሚለው ሥጋት በወላጆችና በተማሪዎች ዘንድም ሰፊ ስለነበር፣ የመምህራኑ ጥያቄ ከአንድ ሙያ ጥያቄ አልፎ የብዙኃኑ ሆነ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ፤ የየካቲት እንቅስቃሴም ወደ አብዮት አመራ።

በደርግ ዘመን ማኅበሩ በመንግሥት ሥር ከሚንቀሳቀሱት የብዙኃን ድርጅቶች ጎራ ተመደበ። በቀይ ሽብር ከተገደሉትና ከታሰሩት መካከልም ብዙ መምህራን ይገኙበታል።

ክፍፍልና የስም ክርክር

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ማኅበሩ ነጻ አመራር መረጠ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሰናበቱት 42 መምህራን አንዱ ነበሩ። ማኅበሩ የአዲሱን የትምህርት ፖሊሲ አካሄድ ሲተች፣ ከመንግሥት ድጋፍ ያለው ሌላ ቡድን በዚያው ስም ተደራጀ። ከዚያ በኋላ «የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር» የሚባሉ ሁለት አካላት ጎን ለጎን ቆሙ። ከመምህራን ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ለአዲሱ አካል ይተላለፍ ጀመር፤ የነባሩ ማኅበር ቢሮዎች ተዘጉ፣ የባንክ ሒሳቡም ታገደ።

ዶክተር ታዬ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ተይዘው በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከስድስት ዓመት እስር በኋላ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ተፈቱ። የማኅበሩ ምክትል ዋና ጸሐፊና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ሥራ አስፈጻሚ አባል የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት ሲያዙ እምቢ ብለዋል ሲል፣ ኢሰመጉና ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች ይህን አልተቀበሉም።

ስሙና ንብረቱ የማን ነው የሚለው ክርክር በፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተጓተተ። በሰኔ 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአዲሱ አካል ወሰነ፤ ነባሩም ስሙን፣ ቢሮውንና ሒሳቡን ማስረከብ ግድ ሆነበት። የነባሩ አባላት ከዚያ በኋላ «ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር» በሚል ስም ለመመዝገብ ቢያመለክቱም በ2001 ዓ.ም. ጥያቄያቸው ውድቅ ተደረገ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2006 በነባሩ ማኅበርና በዓለም አቀፉ የመምህራን ኅብረት (ኤዱኬሽን ኢንተርናሽናል) አቤቱታ ለአይ.ኤል.ኦ. የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ ቀርቦ በመዝገብ ቁጥር 2516 ተይዟል። ኮሚቴው የመምህራን ማኅበር እንዲመዘገብና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የመደራጀት መብት በሕግ እንዲረጋገጥ ደጋግሞ ጠይቋል።

በሕግ የጸናው ኢመማ ሥራውን ቀጥሎ በመምህራን ደመወዝ፣ በደረጃ ዕድገትና በመኖሪያ ቤት ጉዳዮች ላይ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል። ክርክሩ ያስቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ መተዳደሪያ ደንቡ ምንም ያህል ቢሟላ፣ ስሙን የሚመዘግበው፣ መዋጮውን የሚቆርጠውና ደመወዙን የሚከፍለው አንድ አካል ከሆነ፣ ማኅበሩ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድረው በዚያ አካል ፈቃድ መጠን ነው።

ርዕሳነ መምህራንና ማኅበሩ

ርዕሰ መምህር ከስሙ እንደሚታየው አስቀድሞ መምህር ነው። የሚመድበው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የመምህራንን የሥራ አፈጻጸም ይመዝናል፤ ምዘናውም በደረጃ ዕድገት ላይ ይታያል። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሲሰበሰብ በጸሐፊነት ያገለግላል፤ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋርም ይሠራል።

በዚህ ምክንያት በመሠረታዊ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ኮፍያ ይዞ ይቀመጣል። እንደ ሙያ ባልደረባ ደመወዙም የኑሮ ጥያቄውም የመምህራኑ ነው። እንደ አመራር ደግሞ መምህሩ ቅሬታ የሚያቀርብበት ምዘና የእሱ ነው፤ ሥራ የቀረ መምህርንም ሪፖርት የሚያደርገው እሱ ነው። ማኅበሩ መምህርን በዲሲፕሊን ጉዳይ ሲከላከል በሌላኛው ወንበር የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሌላው አባሉ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህን ችግር ለመፍታት የትምህርት ቤት አመራሮች ለብቻቸው ተደራጅተዋል። በአሜሪካ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1865፣ የሁለተኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ማኅበር ደግሞ በ1916 ተመሥርተዋል። በጎረቤት ኬንያ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን የየራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ ጉባኤ ይጠራሉ፣ በበጀትና በትምህርት ክፍያ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር በቀጥታ ይነጋገራሉ። የተለየ ማኅበር ያለው ጥቅም አመራሩ በራሱ ድምፅ መናገሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መምህሩና ርዕሰ መምህሩ በደመወዝ ጥያቄ አንድ ሆነው የሚቆሙበትን መድረክ መክፈሉ ነው።

በሀዋሳና በሲዳማ

ሀዋሳ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የዚያ ሰፊ ክልል የትምህርት ቢሮ የሚገኘው በከተማዋ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል ሆኖ ሰኔ 2012 ላይ ሥልጣኑን ተረከበ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የቀረው ክፍል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሆነ። ሀዋሳም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆና ቀረች።

የማኅበሩ አወቃቀር የመንግሥትን እርከን ስለሚከተል፣ ክልል ሲከፈል ማኅበርም አብሮ ይከፈላል። አዲስ የክልል ማኅበር ጉባኤ መጥራት፣ አመራር መምረጥና መዋጮ የሚገባበትን መንገድ ማስተካከል ይኖርበታል። በአገር አቀፍ ጉባኤ የሚኖረው ውክልናም እንደ አዲስ ይታያል። የሲዳማ ክልል መምህራን ማኅበር በዚህ መልክ ከተዋቀሩት አንዱ ነው። በሀዋሳ ከተማ ውስጥ እንደ ታቦር፣ መናኸሪያና ሐይቅ ዳር ባሉት ክፍለ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶች ከከተማው ትምህርት አስተዳደር ጋር ሲገናኙ፣ በገጠር ያሉት ደግሞ ከየወረዳቸው ጋር ይገናኛሉ።

የእርከኑ ፈተና ጎልቶ የታየው በደመወዝ መዘግየት ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ወላይታንና ሀዲያን ጨምሮ በቀድሞው ደቡብ ክልል አካባቢዎች ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል ቀርቶ መምህራን ሥራ ያቆሙባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ወረዳው በጀት የለኝም ሲል የወረዳው ማኅበር ወደ ዞን፣ የዞኑ ወደ ክልል አቤት ይላል፤ በመካከሉ ግን ክፍሎቹ ተማሪ እንጂ መምህር የላቸውም። ርዕሰ መምህሩ የቀሩትን እንዲመዘግብ ይታዘዛል፤ የእሱም ደመወዝ እንደ ባልደረቦቹ አልገባም።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት

ዩኔስኮና አይ.ኤል.ኦ. እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 ያጸደቁት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ፣ የመምህራን ድርጅቶች ለትምህርት ዕድገት ትልቅ አስተዋጽኦ የሚያደርጉ ኃይሎች መሆናቸው እንዲታወቅና ፖሊሲ ሲቀረጽ እንዲሳተፉ ይጠይቃል። ይህ ቀን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል።