ከ«የባሕር ማሽላ» እስከ «ቢኤች 660»፦ የበቆሎ ስያሜዎች በምዕራብ ጎጃም

አዲስ ዕቃ ወይም አዲስ ዘር ወደ አንድ አገር ሲገባ፣ ስያሜው የገባበት መንገድ ነገሩ ራሱ ስለ ገባበት መንገድ ብዙ ይናገራል። ነጋዴ ያመጣው ነገር ስሙን ከገበያ ያገኛል፤ መንግሥት ያመጣው በመሥሪያ ቤት ተተርጉሞ ይወጣል፤ የምርምር ጣቢያ ያወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊደልና ቁጥር ተለጥፎበት ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው የምዕራብ ጎጃም አገር በቆሎና ከበቆሎ ጋር የመጡት የእርሻ ዘዴዎች የተጠሩባቸው ቃላት ታሪክ ነው። ጉዳዩ የቃላት ብቻ አለመሆኑን ወደ ኋላ ስለ ቡሬ የወባ ወረርሽኝ የሚነገረው ያሳያል።

በቆሎ የአሜሪካ ተክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ መሆኑ ይታመናል። ከቀድሞ ስሞቹ አንዱ «የባሕር ማሽላ» ሲሆን፣ በትግርኛም «ምሸላ ባሕሪ» የሚል ስም አለው። የዚህ ዓይነቱ ስያሜ ብልኀት ግልጽ ነው። እንግዳውን ተክል ከሚታወቅ ዘመዱ ጋር ያዛምድና የመጣበትን አቅጣጫ ይጨምርበታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውም ዛፍ በዚሁ ሥርዓት «ባሕር ዛፍ» ተብሏል። የሰየመው ጉባኤ ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ስሞች የሰሚውን ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ምን እንደሚመስልና ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። «በቆሎ» የሚለውን ቃል ከ«በቀለ» ጋር ለማዛመድ የሚሞክሩ አሉ። ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የቃልን ዘር አያረጋግጥም።

ይህ የባሕር ማሽላ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ለረጅም ዘመን የጓሮ ተክል ነበር። አመድና ፍግ በሚደፋበት፣ ከቤት ጀርባ ባለው መሬት ይዘራል፤ የዓመቱ እህል ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በክረምቱ ወራት በእሸትነቱ ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ ይበላል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ለቤተሰቡ የበቆሎ ዋና ፍቺ «እሸት» ነበር ማለት ይቻላል። ጤፍ የማሳ፣ በቆሎ የጓሮ፤ ጤፍ የገበያና የግብር፣ በቆሎ የልጆች። በዛሬው ጊዜ በኢትዮጵያ ከሚመረቱት እህሎች ሁሉ በመጠን አንደኛው በቆሎ ነው፤ በመሬት ስፋት ግን ጤፍ አሁንም ይመራል። የጓሮው ተክል ወደ ማሳ ወጥቶ «እህል» የሆነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው።

ለዚህ ለውጥ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች የመጀመሪያው ማዳበሪያ ነው። ለፋብሪካው ማዳበሪያ የማሳያ ሙከራዎች በአገራችን የተጀመሩት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ከ1963 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ «ሚኒመም ፓኬጅ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በየአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ላሉ ገበሬዎች በዱቤ መሰጠት ጀመረ። ስያሜው ከዳበረ፣ አዳበረ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ እንደ መጥረጊያ፣ እንደ መክፈቻ ያለ። በቃል ፈጠራ ረገድ ይህን ያህል የተሳካ ሥራ ጥቂት ነው። ማንም ሳይነገረው ይገባዋል፤ መሬትን የሚያዳብር ነገር ነው። አብሮት የመጣው «ፓኬጅ» ግን ሳይተረጎም ቀረ። ምናልባት ያልተተረጎመው ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ዱቤውንና የባለሙያውን ምክር በአንድነት አስሮ የሚይዝ ሌላ ቃል ስላልተገኘ ይሆናል።

ሕዝቡም ቃሉን ተቀብሎ ዝም አላለም። ማዳበሪያ የሚመጣበት ባለ 50 ኪሎ የላስቲክ ከረጢት ባዶውን ሲቀር ለእህል፣ ለከሰል፣ ለድንች መያዣነት ዋለ፤ ከረጢቱም ራሱ «ማዳበሪያ» ተባለ። ዛሬ «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» ሲባል የሚሰማ ሰው አይደናገርም። ስልቻና ጆንያ ቦታቸውን ለቀቁ፤ ቁናና ዳውላ ከገበያ እየወጡ ኩንታልና ማዳበሪያ ገቡ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለተኛውን ፍቺ «የተራ ሰው አነጋገር» ብሎ መዝለል አይገባውም፤ የመስፈሪያ ሥርዓቱ መለወጡን የሚመሰክር ፍቺ ነውና።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዴት ከተማ፣ በይልማና ዴንሳ፣ የእርሻ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ማዕከሉ ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል «ዘንገና» እና «ጓሳ» የተባሉት ድንቾች፣ «ጣይ» የተባለው ስንዴና «እጹብ» የተባለው ጤፍ ይገኛሉ። ዘንገና በአዊ የሚገኝ የታወቀ ሐይቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ማዕከል የወጣውና በአገሪቱ ሰፊ ስም ያተረፈው ጤፍም «ቁንጮ» ተብሏል። እነዚህ ሁሉ በምርምር መዝገብ ላይ የየራሳቸው ፊደልና ቁጥር አላቸው፤ ወደ ገበሬው ሲወጡ ግን ሰው በሚጠራው ስም ወጡ። በእኔ አስተያየት የማዕከሎቹ ስም አሰጣጥ ከዝርያዎቹ ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል።

የበቆሎው ነገር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1985 ዓ.ም. በባኮ የምርምር ማዕከል ሥራ ተለቀቀው ዝርያ «ቢኤች 660» ይባላል፤ «ባኮ ሃይብሪድ» ማለት ነው። ለመድረስ 160 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ዝናብና ማዳበሪያ ካገኘ ከቀድሞው የአገር በቆሎ በብዙ እጥፍ ይሰጣል። በዚያው ዓመት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ማሳያ እርሻዎቹን ጀመረ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ይህንኑ ዘዴ የአገሪቱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናንና ሜጫ የዚህ በቆሎ ዋና አገር ሆኑ።

«ሃይብሪድ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የተደረገው ሙከራ የሚያስተምር ነው። ቅርቡ ቃል «ዲቃላ» ነበር፤ ከግእዝ የወረስነው፣ በኦሪት ዘዳግምም የሚገኝ ቃል ነው። ነገር ግን በገጠር ዲቃላ ማለት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ነው፤ ስድብ ነው። ስለዚህ የእርሻ ጽሑፎች «ድቅል» እና «የተዳቀለ» ወደሚሉት አዘነበሉ። ቃሉ ከነውሩ ነጻ ወጣ፤ ሆኖም ዋናውን ነገር አልተናገረም። ድቅል በቆሎ የሚዘጋጀው ለብዙ ትውልድ በየራሳቸው ብቻ የተራቡ መስመሮችን በማዳቀል ሲሆን፣ ጉልበቱ የሚታየው በመጀመሪያው ትውልድ ነው። ከምርቱ ተመርጦ ለከርሞ ቢዘራ ይበቅላል፤ ነገር ግን ተክሉ ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ምርቱም ይወርዳል። ለጎጃም ገበሬ ይህን በአንድ ቃል ማስረዳት ይቻል ነበር፦ በቅሎ። በቅሎ የፈረስና የአህያ ልጅ ናት፤ ከሁለቱም ትጠነክራለች፤ ዋጋዋም ይከብዳል፤ ዘር ግን አትተካም። አባቷ ማን እንደሆነ ቢጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች የተባለውም ይህን የሚያውቅ ሕዝብ የተናገረው ነው። በቆሎው እንደ በቅሎ ፈጽሞ መካን አይደለም፤ ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሠራል።

እዚህ ላይ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ፍቺው ተሰነጠቀ። ቀድሞ ዘር ማለት ከምርቱ መካከል ተመርጦ፣ ከሚበላው ተለይቶ በቤት የሚቀመጥ ነበር። «ምርጥ ዘር» ግን የሚመረጠው በሌላ ሰው፣ የሚገኘውም በየዓመቱ በግዥ ነው። ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ተወስደው ዕዳው ከአጨዳ በኋላ፣ እህል በሚረክስበት ሰሞን ይከፈላል። በ1993ና በ1994 ዓ.ም. ምርቱ ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በዚሁ ዘመን በመሥሪያ ቤቶች አነጋገር «ገበሬ» የሚለው ቃል በ«አርሶ አደር» እየተተካ መምጣቱን በነገራችን ላይ ማስታወስ ይቻላል። ጎተራው ሳይሞላ የስሙ ክብር ከፍ አለ።

ከሁሉ የከበደው ነገር የደረሰው በቡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998፣ ማለትም በ1990/91 ዓ.ም.፣ በቡሬ ወረዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የደጋ ሰው ንዳድን የቆላ በሽታ አድርጎ ያውቀዋል፤ ቆላ ወርዶ ማደር ያስፈራው የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ጊዜ ግን በሽታው ቤቱ ድረስ መጣ። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካንና አብረውት የሠሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነገሩን ሲመረምሩ ያተኮሩት በበቆሎው አበባ ላይ ነበር። የበቆሎ የአበባ ብናኝ በነፋስ ተበትኖ በየኩሬው ውኃ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጮች ይመገቡታል፤ በዚህም ቶሎ ያድጋሉ፤ ብዙዎቹም ለትንኝነት ይደርሳሉ። የቀድሞው የጓሮ በቆሎ ቀድሞ ተዘርቶ ቀድሞ ያብብ ስለነበር፣ ትንኝ በሚበዛበት ወቅት እሸቱ ተበልቶ ያለቀ ነበር። ቢኤች 660 ግን ዘግይቶ ስለሚደርስ የሚያብበው ወደ ክረምቱ መውጫ ነው፤ ያም በመስከረምና በጥቅምት ለሚያይለው ወባ መግቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የእነዚህ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ በሽተኞች መጠን ጥቂት ከሚዘራባቸው በ9.5 እጥፍ ይበልጥ እንደነበር አሳይቷል።

በእርግጥ አንድ ተክል ብቻውን ወረርሽኝ አያስነሣም። ዓመቱ ኤልኒኞ የአየር ጠባዩን ያናጋበት ሰሞን ነበር፤ ሌሎችም ምክንያቶች ይኖራሉ። ተመራማሪዎቹም በቆሎው ይነቀል አላሉም። ቢሆንም የዘሩ አገልግሎትና ጉዳት በአንድ ነገር ላይ፣ ይኸውም በሚያብብበት ወቅት ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ለእኛ ሙያ ጥያቄ ያነሣል። በስያሜው ውስጥ ስለ ወቅት የሚናገር ምንም የለም። «660» ሲባል ቀኑ ነው፣ ኪሎው ነው፣ ወይስ የመዝገቡ ተራ ቁጥር? ገበሬው ከስሙ ሊያውቅ አይችልም። «የባሕር ማሽላ» ያለው ጥንታዊ ሰያሚ እንኳ ከዚህ የበለጠ ነግሮታል።

የአበባውስ ብናኝ? በየመማሪያ መጽሐፉ ስም አለው፤ በማሳ ላይ ግን ብናኙን ከአበባው ለይቶ የሚጠራ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ መለየቱ አላስፈለገምና። ከበቆሎው አናት ላይ የሚወርደው ቢጫ ዱቄት ልብስ ላይ ሲያርፍ የሚራገፍ ነገር ነበር። ሙያዊ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ስም ሲያወጣ ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ኩሬ አጠገብ ለሚያርሰውም እንደሚሰይም ቢያስብ መልካም ነው። ለድቅል በቆሎዎችም ቢሆን ከቁጥሩ ጎን «ቀዳሚ»፣ «ዘግይ» የሚሉ ቅጥያዎች ቢጨመሩ ወጪው የአንድ ቃል ቀለም ነው።

በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የምክር አገልግሎት የሚሰጥ 8028 የተባለ የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተከፈተ። ማንበብ የማይችል ገበሬ በጆሮው ሰምቶ መዝራትንና ማዳበሪያ መጨመርን ሊጠይቅ ቻለ፤ ስለዚህ የቃላቱ ጥራት ከወረቀት ይልቅ በስልኩ ላይ ይፈተናል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የቢኤች 660 ተተኪ እንዲሆን የታሰበ ሌላ ድቅል በቆሎ ተለቆ ነበር። ቢኤች 661 ይባላል። የሚደርስበት ጊዜ ከታላቁ ብዙም አይለይም፤ ስሙም የሚለየው በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው።